ባለጓንቱ

ዓርብ፣ ኦክቶበር 3

ዛሬ አጎቴን ጓንት አድርጎ ካርታ ሲበውዝ አየሁት።

ከመጋዘን ሥራ ስመለስ ኤርፖርት ደንበኛ ያመላልሳል ብዬ ነበር የማስበው። እሱ ግን ከአፓርታማው ጀርባ፣ ቆሻሻ መጣያው ጋ ፓርክ አድርጎ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ላስደነግጠው ብዬ ጎንበስ ጎንበስ እያልኩ ሄድኩና በመስኮት አየሁ። እጁ ላይ የሚስቱ የኸይሪያ ሰማያዊ ጓንት፣ ያ አረጋውያን መጦሪያው ስትሠራ የምታደርገው። ጭኑ ላይ ካርታ። መስኮቱን ሳልመታ ተመለስኩ። እኔ! ሰው ሳላስደነግጥ የተመለስኩበት የመጀመሪያው ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓምና አጎቴ ሙዘይን ታክሲውን በቁማር ተበላ፤ አሁን የሚነዳው የኪራይ ነው። ኸይሪያ ልብሷን ሰብስባ ከዳላስ ወጣ ብላ ያለችው ሜስኪት፣ እህቷ ሙኒያ ጋ ገባች። ሽማግሌ ተላከ። ሙዘይን ሐጂ ይመር ፊት እያለቀሰ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ካሁን በኋላ ካርታ በእጄ ከነካሁ ኸይሪያ በሦስት ጠላቅ የተፈታች ትሁን» አለ። ሐጂ ይመር ወዲያው ጮኹበት። «አንተ! ፍቺ መጫወቻ ነው እንዴ? ምላስህን ያዝ!» ግን ብሎታል። ሰባት ሰው ሰምቷል፤ እኔም ሻይ እያደልኩ ሰምቻለሁ። እሷም በዚያ ቃል ተመለሰች። አሁን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

ጓንቱ ደግሞ የኔ ነው። ማለቴ ሐሳቡ። ኦገስት ላይ መኪና ውስጥ ስናወራ፣ «አጎቴ፣ አንተ ያልከው እኮ ‹በእጄ ከነካሁ› ነው። ጓንት አድርግና ተጫወታ! እጅህ ካልነካ ምን አለበት?» አልኩት። እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ ከኋላችን ያለው ሰውዬ ክላክሱን እስኪያስጮኽብን ድረስ ዝም ብሎ ወደፊት ያይ ነበር።

ቀልድ ነበር። ቀልድ መሆኑን ማንም ያውቃል።

ይሄን ደብተር መኪናዬ ውስጥ ከስኮርታው ጎማ ሥር አደርገዋለሁ። የኔ መኝታ ሶፋ ነው፤ ሶፋ ሥር ያለ ነገር ሁሉ ቤት ሲጠረግ ይወጣል።

እሁድ፣ ኦክቶበር 5

እራት ላይ ኸይሪያ «ጓንቴን ማነው የሚጨርሰው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ዶሮ ስበላ ቅባት እንዳይነካኝ።»

«አንተ ልጅ፣ እጅ መታጠብ ሰንፈህ ጓንት ትፈጃለህ? ሥራ ቦታ እኮ ቆጥረው ነው የሚሰጡን!»

ሙዘይን ሳህኑን እያየ ይበላል። ቀና አላለም። ወላሂ የደነገጥኩት በራሴ ነው። ማንም ሳይነግረኝ፣ ማንም ሳይለምነኝ፣ እንዴት ፈጥኜ ዋሸሁለት።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ብሬክ አሥር ደቂቃ ናት፤ በፍጥነት።

ሊዮል አወቀ። ሊዮል መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ፣ እዚሁ የተወለደ ልጅ ነው፤ ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር ይወዳል፤ አማርኛው በአንድ እግሩ የሚያነክስ። «ያንተ አንክል ትልቁ ቱርናመንት ገባ» አለኝ። «ፎርት ዎርዝ ያለው። ትንሹን አሸነፈ፣ ሶ ትልቁን በፍሪ ይጫወታል።»

«ሌላ ሙዘይን ይሆናል።»

«ብሮ፣ ስንት ሙዘይን በጓንት ይጫወታል?»

 ሱፐርቫይዘሩ እየጠራኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ደስተኛ ነው። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ። ዛሬ የሕፃኑን አልጋ ገጣጠመ፤ ብሎን አፉ ውስጥ ይዞ መንዙማ ያንጎራጉራል። ኸይሪያ መኝታ ቤት ሆና ለሙኒያ በስልክ «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ሰው ሆኗል» ስትል ሰማሁ። አራት እግሩን የጨረሰ አልጋ አቅፎ ቆሞ ነበር፤ እሱም ሰማ። ዓይኖቻችን ተገናኙ።

ቆሻሻ ልንጥል አብረን ስንወርድ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። «አንተ አሁን ትልቅ ሰው ነህ፣ በራእ። ትልቅ ሰው የቤት ነገር በሆዱ ይይዛል።»

«የምን የቤት ነገር?»

«ደሴ ድረስ ሄዶ ማን አመጣህ? ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥክ፣ እንግሊዝኛ የማትችል ልጅ፣ ማን ትምህርት ቤት አስገባህ?»

«አንተ።»

«ትምህርቱንም ተውከው። ምን አልኩህ?»

«ምንም።»

«አብሽር እንግዲያ» አለና ቆሻሻውን ወረወረ።

በክፉ ድምፅ አይደለም። በጣም በጥሩ ድምፅ ነው የተናገረው። እስካሁን እየሰማሁት ነው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

የኸይሪያ እግር አብጧል። ሐኪሟ አትቁሚ ብላታለች። ሙዘይን ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ኦስቲን ደንበኛ እንደሚያደርስ ነገራት። «አላህ ከመንገድ ክፉ ይጠብቅህ» አለችው።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«ምን?» አለችኝ።

«ሆድሽ ውስጥ ያለው እኔን ነው የሚመስለው።»

«አላህ አያድርገው!» ሳቅን፤ እሷ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ፣ እኔ ፈሪው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ነገ ራሴን እንዳልዋሽ። ሰዓቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሊዮል መኪና ፎርት ዎርዝ ደረስን። ለኸይሪያ ኦቨርታይም ነው ብያታለሁ። አንድ ቤት፣ ሁለት ውሸት፣ በአንድ ቀን። አጎቴ እንዳያውቀኝ የሊዮልን ኮፍያ ደፍቼ የአፍ መሸፈኛ አደረግሁ።

አዳራሹ ከመቶ በላይ ጠረጴዛ አለው። መጀመሪያ የሚቀበልህ ድምፁ ነው። ሁሉም ሰው ቺፑን፣ ማለቴ በገንዘብ ፈንታ የሚጫወቱባትን ክብ ነገር፣ በጣቱ ያንሿሿታል፤ ሺህ ሰው አንድ ላይ ቆሎ የሚያበጥር ይመስላል። ወሬ የለም። ትልልቅ ሰዎች ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ጆሯቸውን ደፍነው ቁጭ ብለዋል። አንዲት አሮጊት ካርታዋ ላይ የፕላስቲክ እንቁራሪት አስቀምጣለች። ልስቅ ፈልጌ ዙሪያዬን አየሁ። የሚስቅ ሰው የለም።

ተመልካች ከገመድ ወዲህ ነው የሚቆመው። ሊዮል በጆሮዬ ያስተምረኛል፦ «ሁለት ካርድ ላንተ፣ አምስት ካርድ ለሁሉም። ቺፕ አለቀ? ባይ።» ወዲያው አንድ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ባይ ሆነ። ተነሳ፣ የሁሉንም እጅ ጨበጠ፣ ፈገግ አለ፣ ከዚያ በኛ በኩል አልፎ ውኃ መጠጫው ጋ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከሦስት ደቂቃ በፊት ከሁሉም በላይ ኩሩ እሱ ነበር። ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

አጎቴን ለማግኘት ፊት ማየት አላስፈለገኝም። ሰማያዊ እጅ ፈለግሁ። ጠዋት ዳኛው ጓንቱን አስወልቆ፣ ገልብጦ፣ እያገላበጠ አይቶ መልሶለታል አሉ። ተመልካቹ ደግሞ ስም አውጥቶለታል፦ ዶክተር። አንዱን ሲያሸንፍ «ዶክተር! ዶክተር!» ይላሉ። ሊዮልም ይላል። እኔ አላልኩም። አንዴ ብቻ ብያለሁ።

ሙዘይን ሲጫወት ፊቱን አይቼው አላውቅም ነበር። እቤት ትከሻው ሁልጊዜ ወደ ላይ የተሰቀለ ነው፣ የሆነ ሰው ከኋላው ሊመታው የሚመጣ ይመስል። እዚህ ወርዷል። የካርታውን ጫፍ በሁለት ጣት ትንሽ ከፍ አድርጎ ያያል፣ ይመልሳል፣ ከዚያ የትም አያይም። ፊቱ እንደተኛ ሰው ነው። የሕፃኑን አልጋ ሲገጣጥም እንኳ እንዲህ አልነበረም። የዚህ ሰውዬ ቤቱ እዚህ ነው አልኩ በልቤ። እኛ ጋ በእንግድነት ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ ነው ፍርሃቱ እውነተኛ የሆነው፤ እስከዚያ ድረስ እንዳይያዝ ነበር የምፈራው።

የዙህር ሶላት ሰዓት አለፈ። አልተነሳም። እኔም አልተነሳሁም፤ እሱንም ልጻፈው።

አራት ሰዓት ከአሥር ላይ በማይክ ተነገረ። ሊዮል ዘለለ። «የሱን ቴብል ወደ ካሜራው ይወስዱታል! ከብሬክ በኋላ! በኢንተርኔት፣ ላይቭ! ብሮ፣ ሁሉም ሰው ያየዋል!»

ሁሉም ሰው። ኸይሪያ ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ፣ ስልኳ እጇ ላይ። የሥራ ጓደኞቿ። የሐጂ ይመር ልጆች። 

ሶ፣ የምችለውን አደረግሁ። የምችለው አንድ ነገር ነው።

አራት ከአሥራ ሁለት፦ «ኸይሪያ ምጥ ይዟታል። ደም አላት። ሆስፒታል እየወሰድናት ነው። ቶሎ ድረስ።» ላክሁት።

በሰባት ወር። ደምንም ጨመርኩበት፣ ፈጥኖ እንዲነሳ። አላህ ይቅር ይበለኝ። ግን ይነሳል፣ ካሜራው ሳያየው ይወጣል፣ እቤት ሲደርስ ይመታኛል፣ ያልቃል። ዱላውን ሳስብ እንኳ ደስ ብሎኛል።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በራ። አነሳው። ሲያነብ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ቆጠርኩ። ዘጠኝ ድረስ ቆጠርኩ። ከዚያ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠና የካርታውን ጫፍ ከፍ አድርጎ አየ።

አላነበበውም ይሆናል አልኩ። አንብቦታል። ብሬኩ ላይ ይደውላል አልኩ። ብሬኩ ላይ ኮካ አዘዘ፤ በረዶ አስጨመረ። ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። አልጮኸም። ከዚያ ሄዶ ካሜራው ፊት ተቀመጠ። አሱር ገባ። አንድ ጊዜ እንኳ ሰዓቱን አላየም።

ስድስት ከአርባ ላይ ያለውን ቺፕ ሁሉ በሁለት እጁ ወደ መሐል ገፋ። ተሸነፈ። ተነሳ፣ እጅ ጨበጠ፣ ጓንቱን በጥርሱ እየሳበ አውልቆ ሮጠ። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። ምሰሶ ጀርባ ተሸጎጥኩ።

ስልኬ ጮኸ። «በራእ! እንዴት ናት? ኔትዎርክ አልነበረኝም፣ አሁን ነው ያየሁት! ከኦስቲን እየበረርኩ ነው!»

አየዋለሁ። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ድምፁ ያለከልካል። እግሩ ግን ቆሟል፤ በሩ ጋ ቆሞ በነፃ እጁ ፀጉሩን ያስተካክላል።

«ቀልዴን ነው» አልኩት።

እጁን ከፀጉሩ ላይ አወረደ። ከዚያ «በዚህ ይቀለዳል? ልቤ ቆሞ ነበር እኮ!» ብሎ ጮኸ። በሩ ላይ ያሉት ሰዎች ዞረው አዩት።

መልእክቱን ከሁለታችንም ስልክ አጠፋሁት።  

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27

ቪዲዮው ወጣ። ሠላሳ ሰከንድ ነው፦ ቺፑን ሲገፋ፣ ጓንቱን በጥርሱ ሲያወልቅ፣ ሲሮጥ። አስቂኝ ሙዚቃ አድርገውበታል። የኸይሪያ የሥራ ጓደኛ አሳየቻት።

ትጮሃለች ብዬ ነበር። «ጓንቱ የኔ ነው» ብቻ አለች። ከዚያ ለሐጂ ይመር ደወለች። እሳቸውም፣ እስኪወሰን ድረስ ከተፈታች ሴት ጋር በአንድ ጣራ ማደር አይችልም አሉ። ሙዘይን ትራሱን ይዞ መኪናው ውስጥ ሊተኛ ወረደ።

ዓርብ ዕለት ተው ብዬው ቢሆንስ? ባለፈው ወርስ? ኦገስት ላይ አፌን ብይዝስ?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 31

ከጁምዓ በኋላ መኪናው ውስጥ አስገባኝ። ፂሙ አድጓል። የኋላው ወንበር ላይ ብርድ ልብስ አጥፎ አስቀምጧል፣ በጣም በሥርዓት።

«እሁድ ሽማግሌ ይቀመጣል» አለ። «ቪዲዮውን አይተሃል? ስሮጥ ያሳያል። ያንተ መልእክት ነው ያስሮጠኝ እላቸዋለሁ። ቺፑን ሁሉ የገፋሁት ሆን ብዬ፣ ለመውጣት። አንተ ስድስት ተኩል ላይ ነው የላክሁት በል። እንደሰማ ተነሳ፣ ያ ነው። ሌላ ቃል የለም።»

«እሺ።»

«ልጄ ያለ አባት እንዲያድግ አትፈልግም አይደል?»

«አልፈልግም።»

ግንባሬን ሳመኝ። እዚያ እንደነበርኩ አያውቅም። ይሄን ሰው እወደዋለሁ። መጀመሪያ ዳላስ ስደርስ በረዶ ጥሎ ካልሲ አልነበረኝም፤ የራሱን አውልቆ አደረገልኝ። ሁሉም እንደነበረ እንዲቀጥል የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ስንት ሺህ ዋሽቻለሁ? አንድ ምን ትሆናለች?

እሁድ፣ ኖቬምበር 2

መጡ። ሐጂ ይመርና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ሶፋዬ ላይ ተቀመጡ። ኸይሪያ መኝታ ቤቱ በር ላይ፣ ወንበር ላይ።

ሙዘይን በጓንቱ ጀመረ። «ሐጂ፣ ቃሌ በእጄ ከነካሁ ነው። እጄ አልነካም።»

«ጓንት!» አሉ ሐጂ ይመር። «አላህን በጓንት ልታታልል? ይሄንን ማን አስተማረህ?»

እኔ ወጥ ቤቱ በር ጋ ቆሜ እሰማለሁ። ሙዘይን መሬት መሬት አየ። «ማንም» አለ። ስሜን አልጠራም።

ከዚያ ስለ መልእክቱ፣ ስለ ሩጫው ተናገረ። ጥሩ አድርጎ ነው የተናገረው፤ እኔ ራሴ ላምነው ነበር። የሐጂ ይመር ፊት እየተፈታ መጣ። «ለሚስቱ ብሎ ከተነሳ ልቡ ተመልሷል ማለት ነው። የመሐላውን ነገር ዓሊሞቹን ጠይቀን መላ አናጣለትም። ልጁን ጥሩት።»

ገባሁ። «ይሄ ነው እንዴ ምስክሩ?» አሉ። «የሐጅ ኮሚቴ ነኝ እያለ በስልክ ሦስት ጊዜ መካ የላከኝ?» ሁሉም ሳቁ። ሙዘይንም ሳቀ።

ስድስት ተኩል ልል ነበር። ወላሂ ስድስት ተኩል ልል ነበር። ኸይሪያ ግን እያየችኝ ነው፤ እንደምትለምን አይደለም፤ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ነው።

«አራት ከአሥራ ሁለት ነው የላክሁት» አልኩ። «እዚያው ነበርኩ፣ ከጠዋት ጀምሮ፣ ገመዱ ጋ። ምጥ ይዟታል፣ ደም አላት አልኩት። አነበበው። ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠ። ኮካ አዘዘ፣ በበረዶ። ሁለት ሰዓት ተኩል ተጫወተ። የሮጠው ሲሸነፍ ነው።»

 አንደኛው ሽማግሌ በሳቅ ፈነዱ። «በበረዶ!» ሐጂ ይመር ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ «አይ በራእ፣ ሽማግሌ ፊት እንኳ አትተውም?» አሉ። ሙዘይን «አይ ይሄ ልጅ!» ብሎ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ሳቀ።  «ቀልዴን አይደለም» አልኩ፤ የባሰ ሳቁ።

«ገልብጦ አስቀመጠው?» አለች ኸይሪያ።

«አዎ።»

«ከዚያ ጀርባውን በሁለት ጣቱ መታ መታ አደረገው?»

ይሄንን ለማንም አልነገርኩም። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍኩትም፤ ትንሽ ነገር ነች፣ ረስቻት ነበር።

«አዎ» አልኩ። «ሁለቴ።»

ሳቁ አንድ በአንድ ቆመ። የሙዘይን መጨረሻ ላይ።

«እናቱ ከደሴ ስትደውል ስልኩን እንዲያ ነው የሚያደርገው» አለች ለሐጂ ይመር። «ቆይ በኋላ፣ ማለቱ ነው።» ከዚያ ወንበሩን ተደግፋ ተነሳች። «መሐላውን እናንተ እንደምታውቁት አድርጉት። እኔ የጠየቅሁት መልስ አግኝቷል። በራእ፣ ሙኒያ ጋ አድርሰኝ።»

ሐጂ ይመር «ልጄ፣ ትንሽ ቁጭ በይ» አሉ። አልተቀመጠችም። እሳቸውም አልደገሙም።

ሻንጣዋን ስታወጣ ሙዘይን ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ። ይመታኛል ብዬ አገጬን አዘጋጀሁ። እጁን አላነሳም። ፊቱ እንደዚያ ቀን ሆኖ ነበር፣ የተኛ ሰው ፊት።

«ከጠዋት ጀምሮ ነበርክ?» አለኝ በቀስታ።

«አዎ።»

«እንዴት ነበር ጨዋታዬ?»

ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። «አሪፍ ነበርክ» አልኩት። እውነቴን ነው። ፈገግ አለ፤ እንደዚያ ፈገግ ሲልልኝ ከማየት ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሜስኪት፣ ሙኒያ በር ላይ፣ መኪና ውስጥ ነኝ። ወደ ዳላስ መመለስ አለብኝ፤ ሶፋው እዚያ ነው፤ እሱም እዚያ ነው። ቁልፉን ሦስት ጊዜ ይዤ ለቀቅሁት።

ስንመጣ ኸይሪያ ቀበቶውን ከሆዷ በታች አድርጋ በመስኮት ስታይ ቆየች። አላለቀሰችም። ግማሽ መንገድ ላይ «በራእ» አለችኝ።

«አቤት።»

«ቀልድ ንገረኝ።»

አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁ። አንዱን ጀምሬ «አንድ ሰውዬ...» ብዬ ቆምኩ። ሜስኪት ደርሰን ፓርክ እስካደርግ ድረስ ጠበቀችኝ።